የዘመኑ ድምፅ ወይስ የዘመኑ አቧራ?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከተከፈቱት አዳዲስ ቡና ቤቶች በአንዱ ግድግዳ ላይ ሃያ ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ተለጥፈዋል። ጀርባቸው ማስቲሽ ተቀብቷል፤ ማስቲሹ እንዳይከዳ ደግሞ በመሐል ቀዳዳቸው ምስማር ተመትቶላቸዋል። የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ በኩል ገብታ በቀጥታ ስለምታርፍባቸው ሁለቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣመዋል። ከድምፅ ማጉያው የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ይንቆረቆራል፤ ከሸክላ ሳይሆን ከኮምፒዩተር። በድምፁ ዙሪያ ግን ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት የሚንጣጣ ነገር አለ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ «የዱሮ ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው!» አለኝ። ጣቱን ቀስሮ ያሳየኝ ንጣጣውን ነው፤ ዘፈኑን አይደለም።

ያን ቀን አልተከራከርኩትም። አሁን ግን ልከራከረው ነው። ያ ንጣጣ የዱሮ ሙዚቃ አይደለም። አምሃ እሸቴም አላሳተመው፣ ዓለማየሁም አልዘፈነው። ከስቱዲዮ ሲወጣ ያልነበረ፣ በኋላ እኛ የጨመርንበት ቆሻሻ ነው።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። «ሸክላ» የምንለው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። ቀደም ያለው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ እውነትም እንደ ጀበና ወድቆ የሚሰበረው ሲሆን፣ ዋና ማጣበቂያው ሸላክ የሚባል ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ጀርመን ሀገር የተቀዱት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ከፕላስቲክ፣ ማለትም ከቪኒል፣ የሚሠራው ነው። ይኼኛው ቢወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፤ እኛ ግን በአያት ስሙ መጥራታችንን ቀጠልን። ስሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። «ካልተሰበረ ምን ይሆናል» ብለን አያያዙንም ረሳነው።

አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የዓለማየሁን ሸክላ አሳተመ። ማተሚያ እዚህ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው ሕንድ ሀገር ነው። ከዚያ ፊሊፕስም፣ የአሊ አብደላ ካይፋም ድርጅት ተከተሉ። አብዮቱ መጣ፤ አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሀገር ወጣ፤ ያ ዓመት የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በካይፋ የወጣበት ነው። አሥርቱ ሳያልቅ ካሴት ገበያውን ጠቀለለው። በዚያ አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ የታተመው ሁሉ ተደምሮ አምስት መቶ የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ሠላሳ ያህል ትላልቅ ሸክላዎች ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንምልበት ሀብት ይኸው ነው። ሁለቱም፣ አምሃም ዓለማየሁም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ቀን ገርጂ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ቤት ሄጄ ስለነበር ነው። ጡረተኛ ናቸው። ሁለት መቶ የሚሆኑ ሸክላዎችን እንደ መጽሐፍ አቁመው በቁም ሣጥን ደርድረዋል። በፊት ለፊታቸው ሦስት ፎቅ እየተሠራ ነው። በበጋ ነፋስ የሲሚንቶውና የአሸዋው ብናኝ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ የወረቀት ሽፋኑን ያሻግተዋል። ቦሌና ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት የሚኖር ሰው ይህን አቧራ ያውቀዋል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ማታ ስም ይጻፍበታል።

«ስማ ልጄ፤» አሉኝ ጋሼ፣ «የሸክላ ጠላቱ መውደቅ አይደለም። አቧራ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሸክላው ላይ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ያህል ነው። ድምፁ ያለው በዚያ ቦይ ግድግዳዎች ላይ፣ ከዚያም እጅግ ባነሱ ጉብታዎች ነው። የአሸዋ ብናኝ እዚያ ውስጥ ሲገባ መንገድ ላይ እንደተጋደመ ቋጥኝ ነው፤ መርፌው ሲመታው «ጣ» ይላል። በዚህ ብቻ ቢያበቃ መልካም ነበር። የመርፌው ጫፍ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ግራም ክብደት እንኳ በዚያች ነጥብ ላይ ከባድ ጫና ነው፤ ብናኙን ከግድግዳው ጋር ያፈጨዋል። ስለዚህ ያልተጠረገ ሸክላ ባጫወትን ቁጥር ከዘፈኑ ላይ ጥቂት እየፋቅን ነው። በእነዚያ በሻንጣ መልክ በተሠሩት አሮጌ ማጫወቻዎች ክብደቱ ከዚህም በእጥፍ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ በየሠርጉና በየግብዣው የዞሩትን ሸክላዎች አስቡ።

ጋሼ አንድ ሸክላ አወጡ። ዘፋኙ ዛሬ ስሙ ብዙ አይነሳም፤ እኔም አላነሳውም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ሳያጥቡ አጫወቱልኝ። የማውቀው ንጣጣ፣ ከኋላው አንድ የራቀ ድምፅ። ከዚያ አነሱትና ለስላሳ ብሩሽ በደረቁ አሳለፉበት። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ በሳህን ቀዱ። (የተጣራው ውሃ መሆኑን አጣሩ፤ አሲዱም በተመሳሳይ ጀሪካን ይሸጣልና!) የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ እዚያው ቦዩ ውስጥ ስለሚተው አይሆንም። ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመሩበት፤ መሐል ያለውን ወረቀት በክዳን ሸፍነው፣ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትለው ዙሪያውን አሹት። «አቋርጠህ ከጠረግከው ጭረት ነው የምታተርፈው» አሉ። እንደገና በንጹሕ የባትሪ ውሃ አለቀለቁትና በዕቃ ማድረቂያው ላይ እንደ ሳህን አቆሙት። አልኮልስ አልኳቸው። ሳቁ። በወጣትነታቸው በአረቄ ይጠርጉ ነበር። ቪኒሉ በውሃ የተበረዘ ንጹሕ አልኮል ይችላል፤ የ78ቱን ሸክላ ግን አልኮል ያሟሟዋል። የአጎታቸውን አንድ ሸክላ ያጡት እንዲያ ነው። ዝፍት የመሰለ ጥቁር ነገር ጨርቁ ላይ ቀረ አሉኝ፤ ያ ዘፈኑ ነበር።

ቡና ተጠጣ፤ ሸክላው ደረቀ፤ ተጫወተ።

እውነቱን ልናገር፤ ደነገጥኩ። ቤዝ ጊታሩ እንደ ሰው እርምጃ አንድ በአንድ ይሰማል። ሳክስፎን ነፊው አየር ሲስብ ይሰማል። ያን ጊዜ ሙዚቀኛውና ዘፋኙ አብረው እየተጫወቱ በአንድ ጊዜ ይቀዱ ነበርና፣ ክፍሉ ራሱ ይሰማል። ግን ሌላም ነገር ተሰማ። ጥሩምባው ዝቅ ብሏል፤ ቃናው አልተገጠመም። ዘፋኙም በሁለተኛው አዝማች ላይ ዘግይቶ ገባና ለመድረስ ሮጠ። ንጣጣው ይህን ሁሉ ሸፍኖለት ኖሯል። ስሙን ያልጠቀስኩት ለዚህ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የስድሳዎቹን ሙዚቃ እንወደዋለን እንጂ ገና አልሰማነውም። ሁሉንም እኩል «ወርቅ» ያልነው ሁሉም እኩል በአቧራ ስለተሸፈነ ይመስለኛል። የትኛው ባንድ ይበልጥ እንደነበር፣ የትኛው ዘፈን በጥድፊያ እንደተቀዳ ለመፍረድ መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በኩል ያወጣቸው የ«ኢትዮፒክስ» ቅጂዎች ባይኖሩ ይህንንም ያህል ባልሰማን ነበር። ዛሬ በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ብዙዎቹ ቅጂዎች ግን ሳይጠረጉ የተገለበጡ ናቸው፤ ከእንግዲህ ያ ንጣጣ ከዘፈኑ ጋር ለዘለዓለም ተጋብቷል። አንዳንዱ ደግሞ በኮምፒዩተር ለማጽዳት ሞክሮ ንጣጣውን ከጸናጽሉና ከዘፋኙ «ስ» ጋር አብሮ አጥፍቶታል፤ ዘፋኙ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ትናንት በኮምፒዩተር የተሠራ አዲስ ዘፈን ላይ የሸክላ ንጣጣ እየጨመሩ የሚያወጡት ናቸው። አቧራን አስመስሎ መሥራት!

ወዳጄ ይህን ስነግረው የሰጠኝ መልስ ቀላል አይደለም። «ሸክላው ስንት ሠርግ፣ ስንት ሰዓት እላፊ አሳልፏል፤ ያም ታሪክ ነው፤ ለምን ታጥበዋለህ?» አለ። እውነት አለው። መርፌ የፋቀው አይመለስም፤ ድምፁ ጎላ ባለ ቁጥር የሚሻክረው ያ ነው፤ እሱን ማንም አያጥበውም፤ ታሪክነቱም እዚያው ይቆያል። የባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ግን የማን ታሪክ ነው?

ወደዚያ ቡና ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከግድግዳው አንዱን እንዲሸጥልኝ ባለቤቱን ለመንኩት። ገንዘብ አልፈልግም፤ ቦታውን የሚሞላ ክብ ነገር አምጣ አለኝ። ሁለት አሮጌ ሲዲ ሰጠሁትና አንድ ሸክላ ወሰድኩ። ምስማሩ ቦዩን አልነካውም። አንደኛው ገጽ በባትሪ ውሃ ታጥቦ ይዘፍናል። በሌላው ገጽ ያለው ማስቲሽ ግን ውሃም ሳሙናም አልበገረውም፤ ጋሼም እስካሁን መላ አላገኙለትም።