መራጩ ያልገባበት ክፍል፦ የአዲስ አበባን ቻርተር እንደ ድርሰት ማንበብ

ሕግን እንደ ድርሰት የመሔስ ልማድ በእኛ ዘንድ ብዙም አልዳበረም። ሕጉን ለዳኛና ለጠበቃ እንተዋለን፤ ሒሱን ለልቦለድና ለግጥም እናቆያለን። በሐምሌ 1995 በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የተሻሻለው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ግን የሐያሲ ዓይን የሚገባው ጽሑፍ ነው። መዋቅሩ ታስቦበታል፤ ድምፀቱ በአብዛኛው ወጥ ነው፤ የሚያናግረው ማንን እንደሆነ ያውቃል። ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ነዋሪው ድምፁን ሰጥቶ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ሰው፣ ፖሊስን ምን ያህል ሊቆጣጠርለት ይችላል?

ይህን ጥያቄ ለማንሳት ከአራዳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከ1957 ጀምሮ በቸርችል ጎዳና አናት ላይ የቆመው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት እዚህ ነው። እስከተዘጋበት እስከ 2010 ድረስ ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግበት የነበረው ማዕከላዊም እዚሁ፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ነበር። የከተማው ከንቲባ የሚቀመጥበት ሕንፃና የፌዴራሉ የምርመራ ማዕከል በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ ሆነው ለዓመታት ኖረዋል። አንዱ ስለ ሌላው የሚጠይቅበት በር ግን አልነበረም። ቻርተሩን ሳነብ ይህ አቀማመጥ ከዓይኔ አይጠፋም።

የጽሑፉ አወራረድ ከላይ ወደ ታች ነው። ስለ ከተማዋ ሕጋዊ ሰውነት፣ ስለ ሥራ ቋንቋዋና ስለ ዓላማዋ ከሚናገሩት ጠቅላላ ድንጋጌዎች ይነሳል፤ ምክር ቤቱን፣ ከንቲባውንና ካቢኔውን ያቋቁማል፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማና ወደ ቀበሌ ይወርድና ወደ ፍርድ ቤቶቹ ይሻገራል። ፖሊስ የሚመጣው ከዳኝነቱ በኋላ ነው፤ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ወደ መጨረሻው ይነሳል። ከ1989ኙ ቻርተር፣ ከአዋጅ ቁጥር 87 በኋላ የመጣ ጽሑፍ እንደመሆኑ፣ ጸሐፊዎቹ ከተማ ማስተዳደር ምን እንደሚጠይቅ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ይታያል።

ምስጋናዬን ለይቼ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነዋሪው ባለቤት ነው። ራሱን ያስተዳድራል፤ በከተማው ጉዳይ ይወስናል፤ በየአምስት ዓመቱ ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱም ከአባላቱ መካከል ከንቲባ ይሰይማል። እነዚህ አናቅጽ የባለሥልጣን ቃና የላቸውም፤ ለሰው ቦታ የሚሰጥ ጽሑፍ ቃና አላቸው። ከዚህም የሚበልጠው የፍርድ ቤቶቹ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ደረጃ፣ የይግባኝና የሰበር ችሎት ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የሚያዩዋቸው ጉዳዮችም አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። የቀበሌ ቤት ክርክር፣ የወራሽነት ማስረጃ፣ የደንብ መተላለፍ። የዋስትናና የጊዜ ቀጠሮ ጥያቄም፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በከተማው ዳኞች ፊት የሚቀርብበት መንገድ ተከፍቷል። ተጠርጣሪው ከጣቢያ ወጥቶ ዳኛ ፊት በሚቆምባት ቅጽበት፣ ከተማው በራሱ ተቋም ፖሊስን ይጠይቃል ማለት ነው። ይህችን መታጠፊያ ያሰበ ጸሐፊ ሥራውን ያውቃል።

ስለ ፖሊስ የሚናገረው ክፍል ላይ ስንደርስ ግን ድምፀቱ ይለወጣል። ክፍሉ አጭር ነው። የከተማው ፖሊስ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን ያደርጋል፤ አደረጃጀቱንና ዝርዝሩን የያዘውም በዚያው በ1995 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 96 ነው። የከተማዋን ሰላምና ጸጥታ የማስጠበቅ ኃላፊነት ለከተማው አስተዳደር በሌላ ቦታ ተሰጥቷል፤ ኃላፊነቱን የሚወጣበት ክንድ ግን የሌላ ነው። እስከዚህ ድረስ በየገጹ አብሮን የመጣው ነዋሪ እዚህ ላይ የለም። በድራማ ሥራ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ያለ ምክንያት ከመድረክ ቢጠፋ ጸሐፊውን እንጠይቃለን፤ ሕግ ጸሐፊውንም መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዚህን መጥፋት ትርጉም በአንድ ተራ ጉዳይ ላይ ማየት ይቻላል። ጊዮርጊስ ታክሲ ተራ ላይ ስልኩን የተነጠቀ የአራዳ ነዋሪ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል፤ መዝገብ ይከፈትለታል፤ መርማሪው ይደወልልሃል ይለዋል። ሳምንታት ያልፋሉ። ሰውየው ወደ ወረዳው ይሄዳል። የመረጠው የወረዳ ምክር ቤት አባል ጉዳዩን ቢያውቅለት፣ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ ነው። መርማሪው ለምን እንደዘገየ የማወቅ መብት በማንም መራጭ እጅ አልተቀመጠም። ጣቢያው ቅን አዛዥ ካለው ነገሩ ይፈታል፤ ከሌለው መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በየሰፈሩ የተቋቋሙት የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሲንግ መድረኮችና የሰላም ሠራዊት አደረጃጀቶች ይህን ክፍተት አይሞሉም። ነዋሪው እዚያ ፖሊስን ያግዛል፤ ጥቆማ ይሰጣል፤ ሌሊት ይጠብቃል። ማገዝና መጠየቅ ለየቅል ናቸው።

ለጸሐፊዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን፣ እጃቸው የታሰረው ከላይ መሆኑን መናገር አለብኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጥና ወዲያው የከተማውን አስተዳደር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ያደርጋል። አንቀጽ 52 ለክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ የማደራጀት ሥልጣን ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ክልል አይደለችም። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊም በጥፋቱ ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው እንዲያነሳ ይፈቅዳል። ቻርተሩ ከእነዚህ ከሦስቱ አናቅጽ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በታማኝነት ተከተለ። ሦስተኛውን በፖሊሱ ክፍል ውስጥ አላስገባውም።

ሌላም ምክንያት ነበረ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም የቀበሌ ትዝታ ነው። ከዚህ ቻርተር በፊት በዚህችው ከተማ፣ ነዋሪው የመረጣቸው የሰፈር ሹሞች በጸጥታ ላይ ሥልጣን የያዙበት ዘመን ነበረ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የቀበሌ ማኅበራትን አቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 104/1969 ደግሞ የቀበሌ፣ የከፍተኛና የማዕከላዊ ማኅበራትን ደረጃ በደረጃ አደራጅቶ ሥልጣናቸውን አሰፋ። በወረቀት ላይ ሲታይ 104 ከ361 ይልቅ ለነዋሪው የቀረበ ጽሑፍ ነው። ምርጫው እዚያው በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ የፍርድ ሸንጎው እዚያው ነው፤ ጥበቃውም ከዚያው ሰፈር ልጆች ነው። ሹሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ እናቱንም ያውቃታል።

ያ ቅርበት ግን ማንንም አላዳነም። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መሣሪያ ሲታጠቅ የሚቆጣጠረው ሦስተኛ ወገን አልነበረም። የዛሬው አራዳ ክፍለ ከተማ በሚያካትተው አራት ኪሎ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው ግርማ ከበደ፣ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ጭምር ባሉባቸው ሰዎች ግድያ ምክንያት፣ በ1969 ደርግ ራሱ ሳይቀር ሊታገሠው ሳይችል ቀርቶ ረሽኖታል። ነፃ እርምጃ በታወጀበት ወቅት የቀበሌው ሹም መራጭ ነበረው፤ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ይግባኝ ሰሚ ግን አልነበረውም። ፖሊስን ለሰፈር ተመራጭ እንስጥ የሚል ሰው ሁሉ ይህን ገጽ ማንበብ አለበት። የ361 ጸሐፊዎች ያነበቡት ይመስለኛል፤ ስለዚህም የፖሊሱን ክፍል ከሰፈር አራቁት። ፍርሃታቸውን አከብራለሁ። መልሳቸው ግን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ መዝለል ሆነ፤ ሹሙን ያለ ቁጥጥር ከመተው፣ ፖሊሱን ያለ መራጭ ወደ መተው።

የጽሑፉ ፈተና ብዙ አልዘገየም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ በተካሄደበት ዕለት ምሽት፣ ቆጠራው ገና ሳያልቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የመዲናዋ የጸጥታ ኃይሎች በቀጥታ በእሳቸው ዕዝ ሥር መግባታቸውንና ለአንድ ወር ሰልፍ መከልከሉን አስታወቁ። ውጤቱ ሲወጣ ተቃዋሚው ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ ተገኘ። ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ሥልጣኑን ሳይረከቡ በጥቅምት 1998 ታሰሩ፤ ከግንቦት 1998 ጀምሮ እስከ 2000 ምርጫ ድረስ ከተማዋን በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ያዛት። ስለዚያ ዘመን ፖለቲካ የተለያየ አቋም ያላቸው ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኔ የምለው ስለ ጽሑፉ ነው። የፖሊሱን ዕዝ በአንድ ምሽት ለማዞር ከቻርተሩ አንድ ገጽ መቅደድ አላስፈለገም። ጽሑፉ ምክንያት እንዲሰጥ አላስገደደም፤ ቀን አልቆረጠም፤ ማን ለማን ማብራራት እንዳለበት አልደነገገም። ይህ የአጻጻፍ ጉድለት ነው፤ ዋጋው ግን ከአጻጻፍ በላይ ሆነ።

የመዲና ፖሊስ በማዕከላዊ መንግሥት እጅ መሆኑ በእኛ አልተጀመረም። የለንደን ፖሊስ ከ1829 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚታዘዘው በሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር፤ የለንደን ነዋሪ አንድ መቶ ሰባ ዓመት ጠብቋል። ለዚህ ዳሰሳ የበለጠ የሚጠቅመኝ ግን ዋሽንግተን ናት። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የከተማዋ የራስ አስተዳደር ሕግ ፕሬዚዳንቱ የከተማውን ፖሊስ ለፌዴራል ጉዳይ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ከ48 ሰዓት ካለፈ ግን ለኮንግረሱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ኮንግረሱ ካላራዘመም በ30 ቀን ያበቃል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ ይህንኑ አንቀጽ ሲጠቀሙበት፣ የከተማዋ ሰው ቢቆጣም ቀን መቁጠር ይችል ነበር፤ ቀኑ ሲሞላም ሥልጣኑ አበቃ። ሁለቱም ጽሑፎች ከተማዋን ከማዕከላዊ መንግሥት በታች ያደርጋሉ። ልዩነቱ አንደኛው ኃይሉን በሰዓትና በደብዳቤ ማሰሩ ነው፤ የኛው ዝም ብሏል።

ፖሊስን የሚቆጣጠር ሹም በቀጥታ ይመረጥልን የሚሉ ወገኖች ደግሞ እንግሊዝንና ዌልስን ያነሳሉ። እዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነሮች በሕዝብ እንዲመረጡ ተደረገ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። መንግሥታቸውም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ቦታውን በ2028 እ.ኤ.አ. ሊያስቀረው መወሰኑን አስታውቋል። ይህን የማነሳው ምርጫ አይጠቅምም ለማለት አይደለም። መራጩ ስለማያውቀው ወንበር ድምፅ እንዲሰጥ መጥራት ብቻውን ተጠያቂነትን እንደማይወልድ ያሳያል። ለዚያ ማረጋገጫ ሩቅ መሄድም አያሻንም። ደንብ አስከባሪዎች ሙሉ በሙሉ የከተማው አስተዳደር ናቸው፤ ፒያሳ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ግን ዕቃዋ በደንብ አስከባሪ ሲወሰድ አቤት የምትልበትን ቦታ ከፖሊሱ ጉዳይ የቀለለ ሆኖ አላገኘችውም።

ስለዚህ በቻርተሩ ላይ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው። በምርጫ፣ በምክር ቤትና በፍርድ ቤት አደረጃጀት ጠንካራ፣ ለነዋሪው ክብር ያለው ሥራ ነው፤ በፖሊስ ጉዳይ ግን የራሱን ዓላማ አልተከተለም፤ ጥፋቱም ተጠሪነቱን ለፌዴራል መንግሥት መስጠቱ አይደለም። ያ ከሕገ መንግሥቱ የመጣ ነው፤ ከሕገ መንግሥቱም ጋር አብሮ ይቆያል። ጥፋቱ ተጠሪነትን ከመልስ ሰጪነት ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። አንድ ኮሚሽነር ለፌዴራል መንግሥት እየታዘዘ ለከተማው ምክር ቤት በየሩብ ዓመቱ በግልጽ ስብሰባ ቢያብራራ የሚጣስ አንቀጽ የለም። ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀረበ፣ ስንት አቤቱታ በፖሊስ አባላት ላይ ቀርቦ በስንቱ ውሳኔ ተሰጠ፤ እነዚህ የዕዝ ጥያቄዎች አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የሰጠውን ጊዜ አክብራችኋል ወይ ብሎ መጠየቅ ከማንም ሥልጣን አይቀንስም።

ቻርተሩ ከወጣ በኋላ የተሻሻለባቸው ጊዜያት አሉ፤ በ2010 ማሻሻያ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ እንዲሆን በር ተከፍቷል። ለሹመት የተነካ ጽሑፍ ለነዋሪውም ሊነካ ይችላል። እንደገና ሲከፈት ብዕሩ የሚገባው በፖሊሱ ክፍል ላይ ብቻ አይመስለኝም። ያ ክፍል የዕዝ ቀን ገደብና የጽሑፍ ምክንያት ይጨመርበት። ዋናው ጭማሪ ግን የምክር ቤቱን ሥልጣን በሚዘረዝረው ክፍል ውስጥ ይግባ፤ ነዋሪው ገና ከመድረክ ሳይወጣ፣ አረፍተ ነገሩ የራሱ ሳለ። የወረዳ ምክር ቤቶችም የጣቢያ አዛዥን ጠርተው የሚሰሙበት መስመር በዚያው ይዘርጋ፤ ከ2016 ወዲህ ደጃች ውቤንና ዶሮ ማነቂያን ለቀው በሌላ ወረዳ ያረፉት የፒያሳ ሰዎች፣ አራዳ ጣቢያ የቀረ መዝገባቸውን በአዲሱ ተመራጫቸው በኩል ማስጠየቅ እንዲችሉ ጭምር።