ቁጥርና ስሙ፦ የስያሜ ሥርዓት በጨረር አመንጪ መድኃኒቶች ኬሚስትሪ

ጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚያዘጋጅ ኬሚስት ከሌላው ኬሚስት የሚለየው፣ በእጁ ያለው ቁስ ገና እየተለካ እያለ የሚቀንስ በመሆኑ ነው። በፔት ምርመራ በሰፊው የሚሠራበት የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካሉት አቶሞች እኩሌታው የሚፈርሱበት ጊዜ፣ 110 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የካርቦን-11 ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም በዚህ ሙያ የሚጻፍ ቁጥር መቼ እንደተለካ፣ በምን እንደተካፈለና በመሐሉ የፈረሰው ታስቦለት እንደሆነ ካልታወቀ፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ሥራውን ሊደግመው ይቅርና ሊመዝነውም አይችልም።

የራዲዮፋርማሲዩቲካል ሳይንሶች ማኅበር ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. የጋራ የስያሜ መመሪያ ያሳተመው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነበር። የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ ሃይንዝ ኮኔን፣ ኤፍዲጂ የተባለው በፍሎሪን-18 ምልክት የተደረገበት የግሉኮስ ዝርያ ዛሬም የሚመረትበትን መሠረታዊ ዘዴ በ1986 እ.ኤ.አ. ከጀርመኑ የዩሊሽ የምርምር ማዕከል ባልደረቦቹ ጋር ያወጣ ኬሚስት ነው፤ መመሪያውም ከማምረቻ ክፍል ርቆ የተጻፈ እንዳልሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከሁሉ የባሰ መደናገር የነበረው በምርት መጠን ላይ ነው። ሥራው በ100 ጊጋቤኬሬል ፍሎሪን-18 ተጀምሮ ከ110 ደቂቃ በኋላ 30 ጊጋቤኬሬል የተጣራ ውጤት ቢገኝ፣ አንዱ ጸሐፊ ምርቱን 30 በመቶ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ በዚያ ሰዓት ከመነሻው የቀረው 50 ጊጋቤኬሬል ብቻ መሆኑን አስቦ 60 በመቶ ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ችግሩ ሁለቱም አንድ ስም መጠቀማቸው ነው። መመሪያው ለፍርሰት የታረመውን ብቻ ራዲዮኬሚካዊ ምርት፣ ያልታረመውን ደግሞ የአክቲቪቲ ምርት እንዲባል አድርጎ ለያቸው። የመጀመሪያው ኬሚስትሪው ምን ያህል እንደሠራ ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ለታካሚ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ የሆስፒታል ፋርማሲ የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው፣ ምንም እንኳ በጽሑፍ ላይ የሚያምረው ትልቁ ቁጥር ቢሆንም።

አክቲቪቲ፣ ማለትም በሴኮንድ የሚፈርሱ አስኳሎች ቁጥር፣ ለቁሱ መጠን ሲካፈልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። ለግራም ሲካፈል ስፔሲፊክ አክቲቪቲ፣ ለሞል ሲካፈል ሞላር አክቲቪቲ ይባላል። ልዩነቱ የቃል አይደለም፤ የአንድ ፀረ እንግዳ አካል ሞለኪውል ከትንሽ መድኃኒት ሞለኪውል በመቶዎች እጥፍ ስለሚከብድ፣ በአንድ ሚሊግራም ውስጥ የሚገኙት ሞለኪውሎች ቁጥርም በዚያው ልክ ይራራቃል። ከዚህም በላይ የፍሎሪን-18 ንድፈ ሐሳባዊ ከፍተኛ ሞላር አክቲቪቲ በማይክሮሞል 63,000 ጊጋቤኬሬል ያህል በመሆኑ፣ በማይክሮሞል 200 ጊጋቤኬሬል በሚለካ ጥሩ ምርት ውስጥ እንኳ ምልክቱን የያዘው ሞለኪውል ከ300 አንዱ ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት ምልክት አልባዎች አይፈርሱምና ከ220 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ወደ 50 ይወርዳል፤ እንደ ካርፈንታኒል ያለ እጅግ ኃይለኛ ኦፒዮይድ በካርቦን-11 ምልክት ተደርጎበት ለአንጎል ምርመራ ሲሰጥ፣ ወደ ሰውነት የሚገባውን የመድኃኒት ክብደት የሚወስነው ይኸው የተወጋበት ሰዓት ሞላር አክቲቪቲ ነው። ሰዓት ያልተጻፈበት ሞላር አክቲቪቲ ስለዚህ ለሐኪሙ አይጠቅምም።

መመሪያው ለውህዶች ስም አጻጻፍ ያስቀመጠው የካሬ ቅንፍ ደንብ ቀላል ነው፦ ምልክት የተደረገበት አቶም ከነብዛት ቁጥሩ በቅንፍ ተጽፎ ከውህዱ ስም ጋር ያለ ሰረዝ ይያያዛል፤ እንደ ጋሊየም ያለ በውህዱ ውስጥ ያልነበረ ብረት ሲጨመር ግን የብረቱ ምልክት ከቅንፉ ውጭ ይደገማል።

«ተሸካሚ የሌለው» የሚለው አነጋገር ግን ረዘም ያለ ማብራሪያ ይጠይቃል። ተሸካሚ የሚባለው ከሚፈለገው አይሶቶፕ ጋር አብሮ የሚገኝ የዚያው ንጥረ ነገር ሌላ አይሶቶፕ ሲሆን፣ «ተሸካሚ ያልተጨመረበት» ማለት ኬሚስቱ ያደረገውን ብቻ ሲገልጽ፣ «ተሸካሚ የሌለው» ማለት ደግሞ ስለ ቁሱ ራሱ የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሊረጋገጥ የማይችል ምስክርነት ነው። የተረጋጋ አይሶቶፕ የሌለው ቴክኒሺየም እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ቴክኒሺየም-99ኤም ከሞሊብዴነም-99 ጀነሬተር ሲቀዳ ከቴክኒሺየም-99 ጋር አብሮ ይወጣል፤ ጀነሬተሩ ባለፈው ከተቀዳ 24 ሰዓት ቆይቶ የተቀዳ ከሆነ ከቴክኒሺየም አቶሞቹ የሚፈለገው ከሦስት አንድ እጅ ያነሰ ነው፤ 72 ሰዓት ከቆየም ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የተረፉት አቶሞች በመድኃኒቱ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ጥቂት ቆርቆሮ ይሻማሉ፤ በዚህም ምክንያት ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ሰኞ ጠዋት የሚቀዳው የመጀመሪያው ፈሳሽ አንዳንዱን መድኃኒት በሚገባ ላያያይዝ ይችላል። መዝገቡ ላይ ከአክቲቪቲው ጎን ሊሰፍር የሚገባው እንግዲህ ጀነሬተሩ ከዚህ በፊት የተቀዳበት ቀንና ሰዓት ነው።