የብር ደረጃ ስያሜዎቻችን፦ «ንጹሕ»፣ «ጥሬ» እና «ካራት» ሲመረመሩ

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ ገበያዎች ከእናት ለልጅ የተላለፈ የብር ጌጥ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋውን ሁለት ነገሮች ይወስኑታል፤ አንዱ ክብደቱ፣ ሌላው ስለ ብሩ ዓይነት የሚነገረው ቃል ነው። ክብደቱን ሚዛን ያረጋግጠዋል፤ ቃሉን ግን የሚያረጋግጥ የለም። ሻጪቱ «ንጹሕ ነው» ስትል ገዢው «ንጹሕ አይደለም» ይላል፤ ሁለቱም በአንድ ቃል እየተናገሩ ስለ ልዩ ልዩ ነገር ይከራከራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክርክሩ ምንጭ የስያሜ ጕድለት መሆኑን ማሳየትና አንድ አማራጭ ቃል ማቅረብ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን እንመልከት። ብር በተፈጥሮው ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ለጌጥም ሆነ ለመገበያያ ሲሠራ ጥንካሬ እንዲያገኝ መዳብ ይቀየጥበታል። ደረጃውም ከአንድ ሺሕ እጅ ስንቱ ብር እንደ ሆነ በመቍጠር ይገለጻል። 999 የሚባለው ባዕድ ነገር የሌለበት ያህል ነው፤ ስተርሊንግ 925 ነው፤ 800 ደግሞ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የታወቀ ደረጃ ነው።

ወደ ይፋት ብር የገባው በአብዛኛው በማርትሬዛ መልክ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የሐረር ሲራራ ነጋዴዎች ከአንኮበር በታች ባለው በዓልዩ አምባ ገበያ ሲገበያዩ፣ ከአሞሌ ጨው ጋር ይሠራበት የነበረው ይኸው ነው። አንጥረኛውም ይህንኑ አቅልጦ ጌጥ ይሠራ ነበር። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ደረጃው 833 ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ብር 23.39 ግራም ነው። ስለዚህ ከማርትሬዛ ቀልጦ የተሠራ ድሪ እንደገና ካልነጠረ በቀር ከ833 ሊበልጥ አይችልም፤ መበየጃው ሲጨመርበትም ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል።

እንግዲህ ቃላቱን በዚህ እውነት እንመዝናቸው።

«ንጹሕ» መካከለኛ ደረጃ አያውቅም፤ አንድ ነገር ወይ ንጹሕ ነው ወይ አይደለም። የጀርመን ብር የሚባለው ቅይጥ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተሠራ ሲሆን ከስሙ በቀር ምንም ብር የለበትም። በ«ንጹሕ» መለኪያ ግን ይህ ቅይጥና የማርትሬዛው ድሪ እኩል «ንጹሕ ያልሆነ» ይባላሉ። የአያቷን ጌጥ በችግር ጊዜ ለገበያ ያወጣች ሴት የምትጐዳው እዚህ ላይ ነው፤ ከሺሕ 833 እጁ ብር የሆነ ንብረቷ ምንም ብር ከሌለበት ጋር በአንድ ቃል ይጠራል።

«ጥሬ ብር» በቀድሞው አነጋገር የተመታውን መገበያያ ያመለክት ነበር፤ «ጥሬ ገንዘብ» ስንል ያለው ትርጕም ነው። የዛሬ ሰሚ ግን «ምንም ያልገባበት» ብሎ ይረዳዋል። በዚህም 833 የሆነው እንደ 999 ይወራለታል፤ ገዢውም ይታለላል።

«ካራት» የወርቅ መለኪያ ነው። ወርቅ ከ24 እጅ ይቈጠራል፤ 18 ካራት ማለት ከሺሕ 750 ነው። ለአልማዝ ሲነገር ደግሞ 0.2 ግራም የሆነ ክብደት ነው። ለብር እንዋሰው ብንል 925 ወደ 22.2 ካራት ይለወጣል፤ ይህም ለአንጥረኛም ለነጋዴም የማይረባ ቍጥር ነው።

ጕዳቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ክብደቱ ከአሥር ማርትሬዛ ጋር የተካከለ ድሪ 833 ከሆነ 233.9 ግራም፣ 925 ከሆነ ግን 259.6 ግራም ብር አለው። ልዩነቱ 25.7 ግራም፣ ማለትም በአንድ ማርትሬዛ ውስጥ ካለው ብር ይበልጣል። ሚዛኑ እኩል ነው እያለ ቃሉ አንድ ሙሉ ማርትሬዛ ይውጣል ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት መፍትሔው ከባለሙያው አፍ ሊገኝ ይችላል። «አንጥረኛ» የሚለው ስም የወጣው «አነጠረ» ከሚለው ግስ ነው። ቅቤም ብርም ይነጠራል፤ በሁለቱም ባዕዱ ተለይቶ ዋናው ይቀራል። የሳይንስ ስያሜም «ንጥረ ነገር» የሚለውን ከዚሁ ሥር ወስዷል። ስለዚህ «ንጥረት» የሚል ስም ቢወጣና «የብሩ ንጥረት 833 ነው» ቢባል፣ ቃሉ ደረጃን ከነቍጥሩ ይሸከማል። «ጥራት አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። ጥራት የእጅ ሥራውንም ይጨምራል፤ በ800 ብር እጅግ የጠራ ሥራ መሥራት ይቻላልና አይበቃም። «ንጥረት ድርጊቱን እንጂ መጠኑን አይገልጽም» የሚለው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። ቃሉ ብቻውን ሳይሆን ዘወትር ከቍጥሩ ጋር እንዲነገር የምናሳስበው ስለዚህ ነው።

እንዲህ ቢደረግ «ንጹሕ» ለ999 ብቻ ይቀራል፤ «ካራት» ወደ ወርቁ ይመለሳል፤ «ጥሬ ብር»ም በመዝገበ ቃላት የጥንት ትርጕሙ ተለይቶ ይጻፍለታል። የይፋቷ ሻጭም ጌጧን «ንጹሕ ነው» ብላ ከመማል ድና ያለውን ያህል ብላ ትሸጣለች።