ምጣዱ ከመገልበጡ በፊት

የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦው ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ባለሙያ ይጠራና «ሽቦውን ቀይርልን» ይባላል። እኔ ምጣዱን ከመገልበጤ በፊት ሁለት ቁጥሮች እፈልጋለሁ፦ ቮልቴጅና ካረንት። ሁለቱም መለካት ያለባቸው ምጣዱ ተሰክቶ እየሠራ ነው። ባዶ ሶኬት ላይ የተነበበ ቮልቴጅ ጭነት ሲመጣ መስመሩ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

አንዲት እናት ጓሮ ካለው ማድ ቤታቸው ጠርተውኝ «ልጄ፣ ሽቦው አርጅቶ ነው መሰለኝ» አሉኝ። ሶኬቱ ባዶውን 214 ቮልት ያሳያል። ምጣዱ ሲሰካ ወደ 196 ወረደ፤ ክላምፕ ሜትሩም 14 አምፔር አነበበ። (ክላምፑ የሚታቀፈው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ፌዙና ኒውትራሉ አብረው ከገቡ ሄዶ መላሹ ካረንት ይጣፋና ንባቡ ዜሮ ይሆናል።)

196 ለ14 ሲካፈል 14 ኦም። ሽቦው ጤነኛ ነው፤ 220 ቮልት ቢያገኝ ወደ 3,500 ዋት ይሰጣል። 196 በ14 ሲባዛ ግን 2,744 ዋት ብቻ። ቮልቴጁ የቀነሰው 11 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ኃይሉ ከ20 በመቶ በላይ ወርዷል፤ ምክንያቱም ቮልቴጅ ሲያንስ ካረንቱም አብሮ ያንሳል፣ ዋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። ምጣድ ላይ ይህ ልዩነት የእንጀራ ዓይን ነው።

የጠፋው 18 ቮልትስ? 18 በ14 ሲባዛ 252 ዋት ነው። መንገድ ላይ የሆነ ነገር እያሞቀ ነበር። የተወሰነው ከዋናው ቤት በተሳበው ረጅምና ቀጭን ኬብል ላይ ተበትኗል። የቀረውን ስፒናው ላይ አገኘሁት፤ አንዱ እግሩ ጠቁሯል፣ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቡናማ ሆኖ ለስልሷል። በላላ መጋጠሚያ ላይ ግማሽ ኦም ትንሽ ይመስላል፤ 14 አምፔር ሲያልፍበት ግን 7 ቮልት ይወስዳል፣ 98 ዋት ያቃጥላል። ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሙቀቱ የሚያድገው በካረንቱ ስኩዌር ነው።

እዚህ ላይ ሽቦውን አሳጥሮ እሳት መጨመር የተለመደ ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። 14 ኦሙ 12 ቢሆን ካረንቱ ይጨምራል፣ የጠቆረው ስፒና ይበልጥ ይግላል። ኋላ መስመሩ ተስተካክሎ 220 ቢደርሰው ደግሞ ምጣዱ ከ18 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሶኬቱ የተሠራው ለ16 ነው።

በኦም ሜትር ብቻ መለካት ይበቃል የሚሉ አሉ። ለምጣድ ይሆናል፤ ኒክሮም ሲግል ሬዚስታንሱ የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ነው። አምፖል ላይ ግን ያሳስታል። 100 ዋት የሆነ የድሮ አምፖል በርቶ 484 ኦም ነው፤ ቀዝቅዞ ሲለካ ከዚያ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ለእናቲቱ ሶኬቱንና ስፒናውን ቀየርኩ፣ ኬብሉን በ4 ካሬ ተካሁ። ሽቦው እንደነበረ ቀረ።