ሸሪፉ፣ ቁማርተኛውና ቀይ ባሕር

የአሜሪካን የምዕራብ ጠረፍ ፊልሞች ያየ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ከየት እንደመጣ፣ ወዴትም እንደሚሄድ የማይታወቅ ቁማርተኛ በፈረስ ተቀምጦ ወደ አንዲት አቧራማ ከተማ ይገባል። መጠጥ ቤት ገብቶ ካርታ ይጫወታል፤ ያሸንፋልም። የከተማዋ ሸሪፍ ደረቱ ላይ የሕግ ኮከብ የለጠፈ፣ ኪሱ ግን በባለከብቶቹ ገንዘብ ያበጠ ሹም ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው የፈጸመውን ግድያ በእንግዳው ላይ ያላክካል፣ የሐሰት ምስክር ያቆማል፣ ገመዱንም ያዘጋጃል። ተመልካቹ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቡን ለቁማርተኛው ይሰጣል። ሰውየው ከዚያ በፊት ምን ሲሠራ እንደኖረ፣ ማንን አራቁቶ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ሕጉ ከተሸጠ ሕግ የጣሰው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የታሪኩ ሒሳብ ይኸው ነው።

«ሸሪፍ» የሚለው ቃል በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው ትንሽ ወጥመድ አለበት። እንግሊዝኛው የአውራጃ ሹም ማለት ነው። በፊደላችን ሲጻፍ ግን በሐረርና በቀይ ባሕር ዳርቻ ከነቢዩ መሐመድ ዘር ለሚቈጠር የተከበረ ሰው ከሚሰጠው መጠሪያ ጋር አንድ ይሆናል። በምንጭ የማይገናኙ ሁለት ቃላት፣ አንዱ የሚከበር፣ ሌላው በፊልሙ የሚናቅ፣ በአንድ ልብስ ይቀርባሉ። የትኛው እንደታሰበ የሚታወቀው በተናጋሪው ማንነት ነው። የተበደለው ቁማርተኛና የጉቦኛው ሹም ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ማን ሹም፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ የሚወስነው ተራኪው ነው። ተራኪውና ተበዳዩ አንድ ሰው ከሆኑስ?

ይህ ጥያቄ እኛን ጅቡቲ የምንኖረውን በቀጥታ ይመለከተናል። በዚህች ከተማ ስም ከተጻፉት የፈረንሳይኛ መጻሕፍት መካከል በዓለም እጅግ የተነበቡት የእንዲህ ዓይነቱ ተራኪ ናቸውና። አንሪ ደ ሞንፍሬድ በ1879 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ ተወለደ። አባቱ የሠዓሊው የጎጋን ወዳጅ የነበረ ሠዓሊ ነው። በአገሩ ልዩ ልዩ ሥራ ሞክሮ ሳይቀናው ቀርቶ በ1911 ወደ ጅቡቲ መጣ፤ በድሬዳዋም የቡናና የቆዳ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ደመወዙን ትቶ ጀልባ ገዛ። ዕንቁ ፈለገ፣ ጠመንጃ አሻገረ፣ በኋላም ከግሪክ አገር ሐሺሽ ጭኖ ወደ ግብፅ አስገባ። እስልምናን ተቀብሎ አብድ አል ሐይ ተባለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻም እዚሁ ጅቡቲ ታሰረ። «የቀይ ባሕር ምስጢሮች» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፉ ከ1930ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ታዋቂ አደረገው። በ1937 ሪሻር ፖቲዬ መጽሐፉን ወደ ፊልም ሲመልሰው ዋናውን ገጸ ባሕርይ አሪ ቦር ተጫወተው።

የሚመሰገነውን ቀድሞ ማመስገን የሒስ ወግ ነው። ሞንፍሬድ ባሕሩን ያውቀዋል። ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ ሸራው መቼ እንደሚታጠፍ፣ ጀልባዋ በኮረብታማው የታጁራ ዳርቻ በጨለማ እንዴት እንደምትጠጋ ሲነግረን፣ ዕውቀቱ በእጁ ሠርቶ ያገኘው መሆኑ ይታወቃል። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ደረቅ ነው፤ አላስፈላጊ ጌጥ የለውም። ከመርከበኞቹ ጋር አብሮ በልቶ አብሮ ተኝቷል፤ እንደ ሶማሌው አብዲ ያሉትን ባልደረቦቹንም በስም አውስቷቸዋል። የዘመኑ የቅኝ አገር ጸሐፊዎች «ቦዩ» ብለው ብቻ ያልፏቸው ነበር። ስለ ባሪያ ንግድ ሊዘግብ በ1930 ወደዚህ የመጣው ዮሴፍ ኬሰል ይህን ሰው አግኝቶ እንዲጽፍ መገፋፋቱ፣ «ፎርቲን ካሬ» በተባለው ልብ ወለዱም ሞርዶም የተባለውን ገጸ ባሕርይ በእሱ አምሳል መቅረጹ የሚያስገርም አይደለም።

በእነዚህ መጻሕፍት የሸሪፉን ቦታ የያዘው የፈረንሳይ አገረ ገዥና የጉምሩክ ሹማምንቱ ናቸው። ሞንፍሬድ እንደሚተርከው እነዚህ ሰዎች የጠሉት መሣሪያ ስላሻገረ አይደለም፤ የነጮቹን ክበብ ንቆ ሽርጥ አገልድሞ ከአገሬው ጋር በመኖሩ ነው። በዚህ አባባሉ ውስጥ እውነት አለ። የጠመንጃ ንግድ በዚህ ጠረፍ የአንድ ባለጀልባ ፈጠራ አልነበረም። ባለቅኔው ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በ1887 የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ጠመንጃ አድርሷል። በኋላም ኦቦክና ጅቡቲ ለኢትዮጵያ ዋና የመሣሪያ በር ሆነዋል፤ ወደቡና አስተዳደሩም ከዚሁ ተጠቅመዋል። ፈቃድ ሰጥቶ ቀረጥ የሚሰበስብ ሹም ፈቃድ ያልጠየቀውን ሲያስር፣ ያስቈጣው ወንጀሉ ነው ወይስ ያመለጠው ቀረጥ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ጥያቄ ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም።

ነገር ግን ሞንፍሬድ ባልሠራው ወንጀል የተያዘ ሰው አይደለም። ጠመንጃውን አሻግሯል፤ ማሻገሩንም በኩራት ይተርካል። በአንድ ገጽ «እንዴት እንዳታለልኳቸው ተመልከቱ» ይለናል፤ በሌላው ገጽ «እንዴት እንደበደሉኝ ተመልከቱ» ይላል። አንባቢ በሁለቱም ቦታ እንዲያጨበጭብለት ይፈልጋል። «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» ማለት ይህን ነው። የሹሙ ጥፋት የከሳሹን አፍ ያስይዝ ይሆናል እንጂ የተከሳሹን እጅ አያነጻም። የመጻሕፍቱ ብልሃት ግን የመጀመሪያውን እያሳየ ሁለተኛውን እንድንረሳ ማድረጉ ላይ ነው።

መጻተኛነቱም ቢሆን በልክ መታየት አለበት። ቤት የለሽ የባሕር ተንከራታች መስሎ ይቅረብ እንጂ፣ በኦቦክና በሐረር አጠገብ ቤት፣ በድሬዳዋ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረው ባለንብረት ነው። ቁማርተኛ ከጨዋታው ሲነሣ የሚያርፍበት ቤት ካለው፣ ያስያዘው ነገር እንደሚለው ብዙ አይደለም። ማዕበል ቢነሣ፣ የጠባቂ መርከብ ቢደርስ አብረውት የሚሞቱት መርከበኞች ግን ያስያዙት ነፍሳቸውን ነበር። ጠመንጃው ከባሕሩ ዳርቻ ወደ በረሃው ከገባ በኋላ ማንን እንደገደለም በገጾቹ ላይ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ታሪኩ ሸክሙ ከጀልባዋ ሲራገፍ ያልቃል፤ ለተቀባዩ አገር ግን የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከእኛ ሥነ ጽሑፍ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። የአማርኛ አንባቢ በሹም ግፍ ተማርሮ ዱር የገባን ሰው ያውቃል፤ ይወዳልም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ውስጥ አበጀ በለው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሣ ከኋላው ገበሬዎች አሉ። በደሉ የጋራ ነው፤ ሽፍትነቱም የሚመዘነው ለእነዚያ ሰዎች ባመጣው ነገር ነው። የሞንፍሬድ አመፅ ግን ከራሱ ጀልባ አያልፍም። የቅኝ አገዛዙን ሹማምንት ያወግዛል፤ አገዛዙን ግን አይነካም። አገረ ገዥው መልካም ሰው ቢሆን ኖሮ ሞንፍሬድ ከጅቡቲ ጋር ጠብ አልነበረውም።

ይህ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የ1930ዎቹን ዓመታት ይመልከት። በ1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞንፍሬድን ከኢትዮጵያ አባረሩት። ጸሐፊው የለመደውን ተረት ወዲያው አነሣ፤ በአገረ ገዥው ቦታ ንጉሠ ነገሥቱን ተካ። በ1935 ባወጣው «የኢትዮጵያ ድራማ» እና በተከታዮቹ ሥራዎቹ ኢትዮጵያ ክፉ ሸሪፍ የሚገዛት ጠረፍ ሆና ቀረበች። ለእንዲህ ያለች ጠረፍ መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ጠመንጃ ያዥ መሆኑን ፊልሞቹ አስቀድመው አስተምረዋል። ጠመንጃ ያዡም መጣ፤ ሙሶሊኒ ነበር። ሞንፍሬድ ከወራሪው ጦር ጎን ሆኖ እንደ ጋዜጠኛ ጻፈ፤ በ1936 «የኦጋዴን ተዋጊዎች»ን አሳተመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ ወሰዱት፤ በ1947 ወደ አገሩ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1974 ሲሞት ያባረሩት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ከወረዱ ሦስት ወር ሆኖ ነበር።

በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የሚነሣ ወቀሳ ሁሉ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ባርነት ነበረ፤ የሹማምንት በደልም ነበረ። ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሹም መበደሉን ለአንድ ሕዝብ መወረር ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ተረቱ ከመዝናኛነት አልፎ ወደ መሣሪያነት ይሸጋገራል። «የቀይ ባሕር ምስጢሮች»ን ያነበበ የፓሪስ አንባቢ «የኢትዮጵያ ድራማ»ን ሲከፍት ተራኪውን አስቀድሞ ወድዶታል፤ አምኖታልም። ጀብዱው ያፈራው አመኔታ ለወረራው ተመነዘረ። ሁለቱን ነጣጥሎ አንዱን ለባሕር ታሪክ፣ ሌላውን ለረሳነው ፖለቲካ መስጠት የተለመደ ነው፤ ስሕተት ግን ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚናገረው ድምፅ አንድ ነው።

የጅቡቲ ልጆች የራሳቸውን እስረኛ በራሳቸው ብዕር እስኪጽፉ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በ1965 እዚህ የተወለደው አብዱራህማን ዋበሪ በ1997 ባሳተመው «ባልባላ» ውስጥ ዋኢስ የተባለ የማራቶን ሯጭ ታስሮ እናገኘዋለን። ርእሱ የመዲናዋ ዳርቻ የሆነው የድኾች ሰፈር ስም ነው። እስር ቤቱም፣ አሳሪውም፣ ታሳሪውም የዚሁ አገር ናቸው። ዋኢስ ወደ ኋላው ጥሏቸው የሚሄዳቸው መርከበኞች የሉትም፤ ከእስር ቢወጣ የሚመለሰው ወደ ጓደኞቹና ወደ ሰፈሩ ነው። ስለዚህ በደሉ ሲነገር አንባቢው የሚጠይቀው «እንዴት ያመልጣል?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ይህች ከተማ ምን ትሆናለች?» ብሎም ነው። ሞንፍሬድን የሚያነብ ሰው ዋበሪን አጠገቡ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

ለመሆኑ ሞንፍሬድ ወደ አማርኛ ይመለስ ወይ? ይመለስ ባይ ነኝ። ድሬዳዋን፣ ሐረርንና የባቡሩን መሥመር በዚያ ዘመን እንደነበሩ ያየ ዓይን ነው፤ ሌሎች እንዲያነቡልን መተው አይገባም። ከባዱ ነገር የቃላቱ ምርጫ ነው። ፈረንሳይኛው ራሱን የሚጠራበትን ቃል «ጀብደኛ» ብለን ብንመልሰው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በድሬዳዋ ጨርቅና ሲጋራ ጭና የተያዘችን ሴት የምንጠራበት «ኮንትሮባንዲስት» የሚል ቃልም አለን። ሥራው አንድ ነው። ለባለሸራው ነጭ የመጀመሪያውን፣ ለባለጆንያዋ ሴት ሁለተኛውን የምንሰጥ ከሆነ፣ ተርጓሚው ሳያውቀው የተራኪው ጠበቃ ሆኗል። ሞንፍሬድ ራሱ ስለ ኮንትሮባንድ በሚናገርበት ሁሉ «ኮንትሮባንድ» ተብሎ ይተርጐም፤ ስለ አገሬው የተናገረው ስድብም ሳይለዝብ ይቅረብ። «የኢትዮጵያ ድራማ»ም ቢያንስ በመቅድም ይወሳ።

ይህን የምለው ለሙያ ጥንቃቄ ብዬ ብቻ አይደለም። ሞንፍሬድ ጀልባውን ያስጠጋበት የኦቦክ ዳርቻ ዛሬም የሌሊት ጀልባ አለበት። ዛሬ የሚጫነው ሰው ነው፤ አብዛኛውም ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የሚሄድ ወጣት ነው። በ2024 በሚያዝያ ወር ብቻ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በርካታ ወገኖቻችን ሞተዋል። ለእነዚህ ልጆች «ጀብደኛ» የሚል ማዕረግ የሰጣቸው የለም፤ በዜና የሚጠሩት «ሕገ ወጥ» ተብለው ነው። አሻጋሪው ገንዘቡን ቈጥሮ ይመለሳል፤ እነሱ ያስያዙት ግን እንደ አብዲና እንደ ጓደኞቹ ነፍሳቸውን ነው።

የጅቡቲን ቱሪስት የሚመሩ የፈረንሳይኛ መጻሕፍት ዛሬም ሞንፍሬድን አዘውትረው ይጠቅሳሉ፤ ወደፊትም መጥቀሳቸው አይቀርም። በባሕሩ ላይ የጻፋቸው ምርጥ ገጾች ይህ ይገባቸዋል። የአማርኛ አንባቢ ግን ሲከፍተው የተራኪውን እስር ብቻ ሳይሆን የጀልባዋን ጭነት ይመልከት፤ ጭነቱ የት እንደወረደ፣ ማን እንደተሸከመው፣ ማንስ እንደከፈለበት ይጠይቅ። አገረ ገዥው ጉቦኛ ነበር ብንል እንኳ ይህ ጥያቄ አልተመለሰም።