ስንት ለስንት አለቀ?

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። እግሮቹ ከጉልበት በላይ የተቆረጡ ሰው በትንሽ ስሌድ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት አጫጭር ዱላዎች በረዶውን እየቧጠጠ ይከንፋል። ጎል ያገባል። ከስር ለስለስ ያለ ፒያኖ ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ "ሰበብ አታብዛ" የሚል ዓይነት ጽሑፍ ብቅ ይላል። የዚህ ዓይነት ቪዲዮ አስተያየቶችን ታውቋቸዋላችሁ፦ "አለቀስኩ"፣ "እኔ በሁለት እግሬ ምን ሠራሁ?"፣ "ተመስገን ነው"።

ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። በክራንች የሚሄድ ልጅ ነው፤ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። የመለሰልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ስንት ለስንት አለቀ?"

አላውቅም። ቪዲዮው አይናገርም። እውነት ለመናገር፣ እስኪጠይቀኝ ድረስ ጨዋታ እያየሁ መሆኔንም ረስቼው ነበር።

ጨዋታው ግን ጨዋታ ነው። ስሌድ ሆኪ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ስቶክሆልም ውስጥ፣ በአንድ የማገገሚያ ማዕከል የነበሩ ሰዎች ሆኪያቸውን አንተውም ብለው የፈጠሩት ነው። በ1994 በሊልሃመር ፓራሊምፒክ ገባ፤ የመጀመሪያውን ወርቅም ስዊድን ወሰደች። ዛሬ በይፋ ፓራ አይስ ሆኪ ይባላል። ስሌዱ ከስሩ ሁለት ስለት አለው፤ ከፍታው ፓክ የምትባለዋ ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ በስሩ እንድታልፍ ሆኖ ይሠራል። የያንዳንዱ ዱላ አንድ ጫፍ ፓኳን ይመታል፤ ሌላው ጫፍ በረዶ የሚነክስ ጥርስ አለው። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚሮጥበትም የሚመታበትም ያው እጁ ነው። ልሩጥ ወይስ ልምታ የሚለውን በየሰከንዱ መወሰን አለበት። መጋጨት ይፈቀዳል፤ የስሌድን አፍንጫ የሰው ጎን ላይ መሰካት ግን ያስቀጣል።

እነዚያ ቪዲዮዎች ከዚህ ሁሉ ምን ያሳዩናል? ምንም። የ2014ቱን የሶቺ ፍጻሜ እንውሰድ። አሜሪካ ሩሲያን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ጎሉን ያገባው ጆሽ ስዊኒ አፍጋኒስታን ውስጥ በፈንጂ እግሮቹን ያጣ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ነበር። ታሪኩን የሚተርክ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፈንጂው ይጀምራል። ፈንጂው አይነገር እያልኩ አይደለም። ግን በአገሩ ፊት፣ በ1 ለ 0 ፍጻሜ፣ አንድም ጎል ያላስቆጠረው የሩሲያ ቡድን የት ሄደ? ተጋጣሚ የሌለው ድል ምን ዓይነት ድል ነው? ተጋጣሚውን ስናወጣው ስፖርቱ ያልቅና ተአምር ብቻ ይቀራል።

አውስትራሊያዊቷ ኮሜዲያንና የመብት ተሟጋች ስቴላ ያንግ ይህን በ2014 ባደረገችው ንግግር በደንብ ነግራናለች፦ እንዲህ ያሉ ምስሎች የሚሠሩት አካል ጉዳት የሌለው ተመልካች ስለ ራሱ ሕይወት እንዲጽናና ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ አዲስ አይደለም። ከንፈር መጠጣ እንለዋለን። በኢንተርኔት ዘመን ከንፈሩ ጭብጨባ ሆነ እንጂ ያው ነው፤ መጣጩም አጨብጫቢውም ከዳር ቆሞ "እንኳን እኔን አላደረገኝ" ነው የሚለው።

ከዚህ የተሻለ አላየንም ማለት ግን አይቻልም። በ2005 የወጣው "መርደርቦል" የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ስለ ዊልቸር ራግቢ ነው፤ ሄንሪ አሌክስ ሩቢንና ዳና አዳም ሻፒሮ ሠሩት። የፊልሙ ሰዎች ጨዋ አይደሉም፤ ይሳደባሉ፣ ስለ ወሲብ ያወራሉ፣ ይቀያየማሉ። ጆ ሶሬስ ከአሜሪካ ቡድን ሲቀነስ ሄዶ የካናዳ አሠልጣኝ ሆነ፤ እልኸኛ ነው፣ አንዳንዴም አይወደድም። ከሁሉም በላይ በፊልሙ ውጤት ይቆጠራል። አሜሪካኖቹ በ2004 አቴንስ ላይ ወርቁን አላገኙም፤ ሲያለቅሱ እናያለን። የሚያለቅሱት ስለ አከርካሪያቸው ሳይሆን ስለተሸነፉ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ፊልሙን አከብረዋለሁ።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። "መርደርቦል" የምርጦች ፊልም ነው። በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ጎበዝ ከሆንክ እንደ ሰው እናይሃለን የሚል ይመስላል። ጎበዝ ያልሆነውስ?

የሰፈር ስሌድ ሆኪ መልሱ ያለው እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። በአሜሪካና በካናዳ ከተሞች እንዲህ ያሉ ክለቦች አሉ፤ ስሌድ ያውሳሉ፣ ከልጅ እስከ ጎልማሳ ያጫውታሉ። ክንዱ አልችል ላለው ልጅ ከኋላው እጀታ ያለው ስሌድ አለ፤ ሌላ ሰው በስኬት እየገፋው ይጫወታል። በአንዳንድ ክለቦች እግረኛውም ወንድም ስሌድ ላይ ተቀምጦ ይገባል፤ እግሩም እዚያ ምንም አይጠቅመውም። ብዙ የበረዶ ሜዳዎች የተሠሩት ግን ለቆመ ሰው ነው። የተቀያሪዎች ቦታ መግቢያ ደፍ ስላለው ተጫዋቹ ከነስሌዱ መግባት አይችልም፤ ወይ ሰው ያነሳዋል፣ ወይ ከበሩ ውጪ በረዶው ላይ ተራውን ይጠብቃል። ታስቦበት የተሠራ ሜዳ ደግሞ ወለሉ ከበረዶው እኩል ነው፤ ግድግዳውም ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ብርሃን አስተላላፊ ነው። ልዩነቱ የአንድ ደፍ ነው። የጀግንነት ቪዲዮ ግን ደፉን አያሳይም። ደፉን ካሳየ "ሰበብ አታብዛ" ማለት ያፍራል፤ ምክንያቱም ሰበቡ የሲሚንቶ ነው።

ወንድሜ ትምህርት ቤት እያለ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የልጆቹን ጃኬት ይጠብቅ ነበር። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ "እንዳትጎዳ ብዬ ነው" ይለው ነበር። በዚህ ደግነት የተነሳ ወንድሜ አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። በገና ጨዋታ ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታው አይቆጣም ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ሜዳ ላይ ማዕረግ አይሠራም ማለት ነው። ርኅራኄም እኮ አንድ ዓይነት ማዕረግ ነው፤ ከላይ ወደታች ነው የሚወርደው። ሜዳ ላይ እሱም አብሮ መውለቅ አለበት።

ስለዚህ አንድ ፊልም ሠሪ ይህን ካነበበ ልለምነው፦ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሰፈር ክለብ ጋ ሄደህ፣ ፒያኖውን ትተህ፣ ደካማውን ተጫዋች ተከተል። ፓክ ሲስት፣ ሲናደድ፣ ዳኛውን ሲጨቃጨቅ አሳየን። እንዴት አድርጎ ተቀያሪ ቦታው እንደገባም አሳየን። እባክህ ውጤቱንም ጻፍልን፤ ወንድሜ ይጠይቀኛል።