ኮርኒሱ የእኔ፣ ውሃው የማን?

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የሻወር ቤቴ ጣሪያ ሸካራ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ኳርትዝ ቀለም አስቀብቶታል። የግድግዳ ኳርትዝ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል እያልኩ ስገረም ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዱ ጥግ አብጦ ተላጠና ወደቀ። ከሥሩ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ካርታ የመሰለ ቡናማ የእርጥበት ምልክት! ለካስ ኳርትዙ ጌጥ ሳይሆን መሸፈኛ ኖሯል።

እናላችሁ፣ ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ቀና ብሎ አየና፣ “ችግር የለም ጋሼ፣ ይቺን እንፍቅና ጂፕሰም ኮርኒስ እንሥራበት። መብራት ስናስገባበት ሆቴል ነው የሚመስለው” አለኝ።

“ውሃውስ?” አልኩት።

“ውሃውማ የላይኞቹ ነው” ብሎ ሳቀ።

የሁላችንም ነገር ያቺ ሳቅ ውስጥ አለች። ጂፕሰም ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ ይሻግታል። ከበላዩ፣ ሶሌታው ውስጥ የተቀበረው ፌሮም እርጥበት ሲደርሰው ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ኮርኒሱ ቢያምር የሚሰወረው ከዓይናችን ነው እንጂ ውሃው ሥራውን አያቆምም።

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የግሉንና የጋራውን ለይቶ፣ የጋራውን የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ደንግጓል። እኛ ግን ስብሰባ ሲጠራ በራችንን ዘግተን ቴሌቪዥን እናያለን። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል እንደ አንድ ሰው እንነሳለን። አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ለማስቀየር ግን “እኔን ምን አገባኝ!” ሁላችንም ለየኮርኒሳችን የምናወጣው ገንዘብ ቢደመር ቧንቧውን ስንት ጊዜ ባሠራ ነበር!

ይህን ሁሉ ንዴት ይዤ ወደ ላይኛው ፎቅ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። ከታች ያሉት እናት ናቸው።

“ልጄ፣ አትቀየመኝና፣ የእናንተ ሻወር እኛ ላይ ያንጠባጥባል።”

“ከመቼ ጀምሮ እማማ?”

“ሁለት ዓመት ሆነው። ጎረቤት አላስቀይምም ብዬ ዝም አልኩ። ለፋሲካ ልጆቹ ቀለም ቀብተውልኝ ነበር፤ ተመልሶ መጣ።”

አፈርኩ። ለካስ እኔም የሰው “የላይኞቹ” ነኝ። ይሉኝታ ብለን የምናሞግሰው ዝምታስ ከኳርትዙ በምን ይለያል? እሳቸው እኔን ላለማስቀየም፣ እኔ የላይኞቹን ላለማስቀየም ስንል ሕንጻው ከውስጥ ይበሰብሳል።

ቀለም ቀቢውን አሰናብቼ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። መጀመሪያ የእኔን ወለል አስቆፍሬ አሠራሁ። የላይኞቹን በር ያንኳኳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጣሪያዬ ዛሬም አልተቀባም። መጀመሪያ ይድረቅ።